የህንዶች የ9 ቀን ጾም (ናቭራትሪ)፦ ከጾሙ በፊትና በኋላ ለቲቸር ምን እናብስል?

የቆጪ ልጅ
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ያለነው ጅማ ነው፣ ግቢያችን ውስጥ ሰርቪስ ቤቱን የተከራዩ ህንዳዊት አስተማሪ አሉ፣ ቲቸር ነው የምንላቸው፣ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው አሁንማ ቤተሰብ ሆነዋል፣ እናቴ ቡና አፍልታ እሳቸው ሳይጠሩ አቦል አይቀዳም። ከ2 ሳምንት በኋላ ናቭራትሪ የሚባለውን ጾማቸውን ይጀምራሉ፣ 9 ቀን ነው፣ 10ኛው ቀን ዱሴራ ነው በዓሉ።

አምና መጨረሻው ላይ ታመሙብን። ብቻቸውን ስለሆኑ 9ኙንም ቀን በዘይት የተጠበሰ ድንችና በስኳር የጣፈጠ ሻይ በወተት ነበር የሚውሉት፣ ከዛ ጾሙን የፈቱ ቀን ፑሪ (በዘይት ተጠብሶ የሚነፋ ትንሽ ቂጣ ነው) ከሃልዋ (ጣፋጫቸው ነው) ጋር በደንብ በሉና ሌሊቱን ሲያስመልሳቸው አደረ። እናቴ ጀርባቸውን እያሸች አብራቸው ነጋባት። ጠዋት ሲለኩ ስኳራቸው ሰማይ ወጥቷል። ስኳር አለባቸው፣ በኪኒን ነው የሚቆጣጠሩት።

እኛም አላወቅንም እኮ። የመጀመሪያው ቀን እናቴ ጾም ነው ሲሏት ደስ ብሏት ሽሮና ምስር በእንጀራ ይዛላቸው ገባች፣ እሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ይቅርታ አሉ። ለካ እህል የሚባል በሙሉ አይበሉም፣ ጤፍም ስንዴም ሩዝም፣ ጥራጥሬም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ጭምር። ወተት እርጎ ቅቤ ግን ይበላሉ። የኛ ጾም ለሳቸው ፍስክ፣ የሳቸው ጾም ለኛ ፍስክ ማለት ነው። እናቴ እስካሁን ሲገርማት ነው የምትኖረው።

ዘንድሮ እንደዛ እንዲሆኑ አንፈልግም። ከመጀመራቸው በፊት፣ በጾሙ ውስጥ፣ ሲፈቱ ደሞ ምን ብናበስልላቸው ይሻላል? የምታውቁ ንገሩኝ።

ከፑንጃብ የተመለሰ
እህቴ እናትሽን አመስግኚልኝ። እኔ ማስተርሴን ፑንጃብ ነው የተማርኩት፣ የተከራየሁበት ቤት እመቤት በዓመት ሁለቴ ትጾመው ነበር፣ አንዱ በመጋቢት በሚያዝያ አካባቢ ሌላው መስከረም ውስጥ ወይ ጥቅምት መጀመሪያ ነው፣ ያንቺ ቲቸር የሚጾሙት ሁለተኛውን ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ፣ ህግጋቱ ከቤት ቤት ይለያያል። አንዳንዱ በቀን አንዴ ብቻ ይበላል፣ አንዳንዱ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ብቻ ይጾማል፣ ቤንጋል ያሉት ደሞ በዛው ሰሞን ዱርጋ ፑጃን እያከበሩ ዓሣና ስጋ ይበላሉ። ስለዚ ከሁሉ በፊት እሳቸውን ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው፣ እኔ የምልሽ እዛ ያየሁትን ነው።

እህል ቀረ ማለት ምግብ የለም ማለት አይደለም። ኩቱ (በእንግሊዝኛ ባክዊት) የሚባል ዱቄት አላቸው፣ ሲታይ እህል ይመስላል ግን የሳር ዘር ስላልሆነ ለጾም ይሆናል። ራጅጊራ የሚሉት ደሞ የኛ አሉማ ፍሬ ነው፣ እኛ ቅጠሉን ነው የምናውቀው እንጂ ቤንች አካባቢ ፍሬውን ፈጭተው ቂጣና ገንፎ የሚሰሩ አሉ፣ ከዛ የሚመጣ ሰው ካወቃችሁ አስመጡ። ሳቡዳና ከካሳቫ ስታርች የሚሰራ ነጭ ትንንሽ ኳስ ነው። እሱን ዘፍዝፈው በቅቤ፣ ከሙን፣ ቃሪያ፣ የተቀቀለ ድንችና የተወቀጠ ለውዝ አርገው ያበስሉታል፣ ጣዕሙ አሁንም አፌ ላይ አለ።

ጅማ ላይ ግን የተሻለ አላችሁ። ጎደሬ! እዛ አርቢ ይሉታል፣ በጾም ይበሉታል። ሐሙስ ሂርማታ ሂዱና ጎደሬና ስኳር ድንች ግዙ፣ ጎደሬው በደንብ ይቀቀል እንጂ ጥሬ ከቀረ ጉሮሮ ያሳክካል። ሙዝ ፓፓያ አቮካዶ ደሞ ጅማ ላይ ሞልቷል። ጨው ተራውን የታሸገውን አይነኩም፣ የድንጋይ ጨው ነው የሚጠቀሙት፣ አሞሌ አግኝታችሁ ብትወቅጡላቸው ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ሲስተር ከጅማ
ነርስ ነኝ፣ የስኳሩን ነገር ልናገር ምክንያቱም ዋናው እሱ ነው። መጀመሪያ የኪኒኑን ስም እዩ። ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ ብቻውን ስኳርን ብዙ አይጥልም፣ ግሊቤንክላማይድ ካለበት ግን ምግብ ሲቀንስ ስኳር ድንገት ሊወርድ ይችላል፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ስለዚ ጾሙ ሳይገባ አሁን በዚህ ሳምንት ሐኪማቸው ጋ ይሂዱና 9 ቀን እንደዚ ልበላ ነው ይበሉ፣ መጠኑንና ሰዓቱን እሱ ያስተካክልላቸው። በራሳቸው ኪኒን እንዳያቆሙ፣ እናንተም አቁሙ እንዳትሏቸው።

መለኪያ ካላቸው በየቀኑ ይለኩ። ከ70 በታች ካሳየ ወይም ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ንግግራቸው ከተምታታ ጾሙ እዛው ላይ ያበቃል፣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጧቸው ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ለኩ። ከ300 በላይ ከወጣም ጾሙን ትተው ወደ ጤና ተቋም ነው። ለረመዳን ጿሚዎችም የምንነግረው ይሄንኑ ነው።

አምና የጎዳቸው የሚመስለኝ ጾሙ ራሱ ሳይሆን የተበላው ነው። ድንችም ሳቡዳናም ባብዛኛው ስታርች ናቸው፣ ስኳር ቶሎ ይጨምራሉ፣ ላዩ ላይ ዘይትና የጣፈጠ ሻይ ሲደመር በቃ። ድንቹን ቀቅሉት፣ መጠኑ ከእፍኝ አይብለጥ፣ አጠገቡ ሁልጊዜ እርጎ ወይም ለውዝ ይኑር። ለውዝ 100 ግራም ውስጥ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ጥራጥሬ በሌለበት 9 ቀን ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዱባ፣ ዱባ ቅጠል ባይሆን ጎመን፣ ኪያር፣ የሚፈቀድላቸው ከሆነ ጨምሩ። ጁስ ሳይሆን ፍሬውን ይብሉ። ማር ደሞ የጅማ ማር ነው ምን ይሆናል እንዳትሉ፣ ስኳር ነው። የድንጋይ ጨውም ጨው ነው፣ ደም ግፊት ካለ ያው ይቆጠራል።

ኡሙ ሃያት
ማሻአላህ ጎረቤት ማለት እንዲ ነው። እኔ ስለ ህንዶቹ አላውቅም ግን ስለ መጾም ካየሁት ልበል፣ 30 ቀን እንጾማለን እኮ። ከጾሙ ይልቅ የሚያሳምመው አገባቡና አወጣጡ ነው።

ቲቸር እናትሽ ጋ ቡና ከለመዱ በጾማቸው ይጠጡ አይጠጡ ጠይቂያቸው። የሚተዉ ከሆነ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ይቀንሱ፣ መጀመሪያ በረካው ይቅር ከዛ ቶናው። እኔ አንድ ዓመት ሳልቀንስ ገብቼ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ራሴን በሻሽ ጠፍሬ ነው የዋልኩት፣ ረሃብ መስሎኝ ነበር፣ ቡናው ነው። ውሃ ደሞ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ፣ እነሱ ውሃ ከተፈቀደላቸው ትልቅ ነገር ነው።

ሲፈቱ ደሞ እኛ ቴምርና ውሃ ቀምሰን ሰግደን ነው ወደ ሾርባው የምንሄደው፣ ሳምቡሳው መጨረሻ ነው። ሆድ ጊዜ ይፈልጋል። ከጾሙ በፊት ባለው ማታም ነገ አልበላም ብሎ መጠቅጠቅ የለም፣ ያን ሌሊት ጥማት ነው የሚገልሽ።

የቆጪ ልጅ
አላህ ይስጥልን ኡሙ ሃያት፣ ሲስተር እግዜር ያክብርሽ። ኪኒኑን አየሁት ሁለቱም አለበት፣ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ። ማክሰኞ ሐኪም ጋ አብሬያቸው እሄዳለሁ። አንድ ጥያቄ፣ ቡላ ይሆናል? እናቴ የቡላ ገንፎ በወተት ልስራላቸው ትላለች።

ከፑንጃብ የተመለሰ
እንሰት እህል አይደለም፣ የሙዝ ዘመድ ነው፣ ያንን አስረዷቸውና እሳቸው ይወስኑ። እዛ የማይታወቅ ስለሆነ እሺም እምቢም ሊሉ ይችላሉ።

ሲፈቱ ግን ኪችሪ ስሩላቸው። አንድ እጅ ሩዝ አንድ እጅ ማሾ አጥባችሁ በብዙ ውሃ እስኪፈርስ ቀቅሉት፣ እርድና ጨው፣ መጨረሻ ላይ ከሙን በአንድ ማንኪያ ቅቤ አሙቃችሁ ከላይ አፍሱበት። እዛ ሰው ሆዱን ሲያመው የሚሰጡት ምግብ ነው።

ሲስተር ከጅማ
ጥሩ ነው፣ ቡላውም ግን ስታርች ስለሆነ ትንሽ ይሁን። ኪችሪውም ማሾው ከሩዙ ይብለጥ።

የቆጪ ልጅ
ተመለስኩ፣ ላላችሁኝ ሁሉ ውጤቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው። ዱሴራ አለፈ፣ ቲቸር ደህና ናቸው ተመስገን።

ሐኪሙ ግሊቤንክላማይዱን ለ9ኙ ቀን አስቆማቸውና ሜትፎርሚኑን ከምግብ ጋር አለ። 4ኛው ቀን ላይ ከሰዓት አላባቸው፣ ስንለካ 78 ነበር፣ ወዲያው ሙዝና እርጎ በሉ፣ ሌላ ቀን አልደገማቸውም። ቡላውን ትንሽ አሰብ አደረጉና ስሩ ምን እንደሚመስል አሳዩኝ አሉ፣ እናቴ ጓሮ ወስዳ እንሰቱን አሳየቻቸው፣ ግንዱን በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ከሙዝ ጋር ሲመሳሰልባቸው ሳቁ፣ በሉ። ጎደሬውን ግን ከሁሉ በላይ ወደዱት፣ ቀቅለው ከሙንና ቃሪያ አርገውበት እኛንም አስቀመሱን፣ እኛ ጎደሬ እንደዛ በልተን አናውቅም።

9ኛው ቀን ጠዋት ደሞ ትንንሽ ሴት ልጆች ጠርተው ያበላሉ፣ ካንያ ፑጃ ይሉታል። ከሰፈር 5 ልጆች ጠራን፣ የእህቴ ልጅም አለችበት። ቲቸር በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ውሃ በሳህን አርገው የልጆቹን እግር አንድ በአንድ አጠቡ፣ እናቴ ቆማ እያየች "የጸሎተ ሐሙስ" አለች ድምጿ ተቀይሮ። ከዛ ፑሪ፣ ሃልዋና ጥቁር ሽምብራ ለልጆቹ ሰጡ፣ የእህቴ ልጅ ያሰሩላትን ቀይ ክር አላስፈታም ብላ አሁንም እጇ ላይ ነው።

እሳቸው ራሳቸው የልጆቹን ምግብ አንድ ፑሪና አንድ ማንኪያ ሃልዋ ብቻ ቀመሱ፣ ከዛ ፓፓያ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ኪችሪውን። ማሾ ሂርማታ አጥተን ነበር ዘመድ ከአዲስ አበባ በመኪና ላከልን። በነጋታው ስኳራቸው 142። እናቴ ኪችሪውን ለራሷም ልትሰራው ነው፣ ግን በጾም ቅቤውን በምን ትተካው? ኑግ ዘይት ይሆናል?