የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ዘንጎች ለኤሌክትሮን ቀጥ ያለ መንገድ እየሰጡ፣ በቀለም በሚነቃቃ የፀሐይ ሴል ውስጥ ጅረቱ ለምን ያንሳል?

ጥያቄ

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን የምሠራው በቀለም በሚነቃቁ የፀሐይ ሴሎች ላይ ነው፤ በእነዚህ ሴሎች ቀለሙ ብርሃን መጥጦ ኤሌክትሮን ለኦክሳይዱ ያቀብላል። እስካሁን ሁለት ዓይነት ፎቶአኖድ (ቀለሙን የሚሸከምና ኤሌክትሮኑን የሚቀበል የሴሉ ክፍል) አዘጋጅቻለሁ። አንደኛው 20 ናኖሜትር ገደማ ከሚሆኑ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ቅንጣቶች የተሠራ፣ 10 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ሽፋን ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሙቅ የዚንክ ናይትሬት መፍትሔ ውስጥ፣ መፍትሔውን ደጋግሜ እየቀየርኩ፣ በአስተላላፊው መስታወት ላይ ቀጥ ብለው እንዲበቅሉ ያደረግኋቸው የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ዘንጎች ሲሆኑ፣ ርዝመታቸው ያው 10 ማይክሮሜትር፣ ስፋታቸው 100 ናኖሜትር ያህል ነው። ሁለቱንም ኤን719 በሚባለው የሩተኒየም ቀለም ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ነክሬ፣ ኤሌክትሮን ያጣውን ቀለም መልሶ የሚሞላውን የአዮዳይድና የትራይአዮዳይድ ፈሳሽ (ኤሌክትሮላይት) ሞልቼ ለካኋቸው።

ዘንጎቹ ይበልጣሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። በቅንጣቶቹ ሽፋን ውስጥ ኤሌክትሮኑ ከቅንጣት ወደ ቅንጣት እየተሻገረ፣ ወጥመድ ውስጥ እየገባና እየወጣ፣ አቅጣጫ በሌለው ጉዞ ሲንከራተት፣ በዘንጉ ውስጥ ግን ከጫፍ እስከ ሥር አንድ ወጥ ክሪስታል ያገኛል፤ በዚንክ ኦክሳይድ ውስጥ ያለው የኤሌክትሮን ተንቀሳቃሽነትም ከታይታኒየም ዳይኦክሳይድ በእጅጉ እንደሚበልጥ የታወቀ ነው። የዘንጎቹ ሴል የሰጠው ጅረት ግን የቅንጣቶቹን አንድ አምስተኛ ቢሆን ነው። ይበልጥ ግራ ያጋባኝ፣ ዘንጎቹ ከቀለሙ ሲወጡ ድምቅ ያለ ቀይ ሆነው መታየታቸው ነው፤ ብርሃን መምጠጥ ያቃታቸው አይመስሉም። ስህተቴ የት ላይ እንደሆነ ብትጠቁሙኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያ መልስ

ከሁሉ በፊት የገጽ ስፋቱን እንዲያሰሉ እመክራለሁ፤ ስሌቱ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፣ ነገር ግን ብዙ ነገር ይገልጣል። የአናቴዝ (በእነዚህ ሴሎች የተለመደው የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ክሪስታል ዓይነት) ጥግግት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 3.9 ግራም ያህል ስለሆነ፣ 20 ናኖሜትር የሆኑ ቅንጣቶች በአንድ ግራም 77 ካሬ ሜትር ገደማ ገጽ አላቸው። ከሽፋኑ 60 በመቶው ባዶ ቀዳዳ ነው ብንል፣ በ10 ማይክሮሜትር ሽፋን ውስጥ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር መስታወት ላይ 1.6 ሚሊግራም የሚጠጋ ኦክሳይድ ይኖራል፤ ገጹም 1200 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ቅንጣቶቹ በሚገናኙባቸው አንገቶች የሚሸፈነውን ብንቀንስ እንኳ 1000 ይቀረናል። በዘንጎቹ በኩል፣ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 3 ቢሊዮን ዘንጎች በቅለዋል ብንል፣ የጎናቸው ገጽ ተደምሮ 94 ካሬ ሴንቲሜትር ብቻ ነው።

አሁን ቀለሙን እንመልከት። አንድ የኤን719 ሞለኪውል በገጹ ላይ 1.6 ካሬ ናኖሜትር ያህል ቦታ ይይዛል፤ በ535 ናኖሜትር አካባቢ ያለው የመምጠጥ ኃይሉም በሞላርና በሴንቲሜትር 14000 ገደማ ነው። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ተነሥተን ብናሰላ፣ በጠፍጣፋ ገጽ ላይ የተለጠፈ አንድ ንብርብር ቀለም ከሚመጣው ብርሃን ከመቶ ግማሽ እንኳ አይመጥም። ገጹ 1000 እጥፍ ሲሆን ግን በዚያው የሞገድ ርዝመት 97 በመቶ ያህሉ ይመጠጣል፤ 94 እጥፍ ሲሆን 27 በመቶ ብቻ። ኦሬጋንና ግሬትዝል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ከ7 በመቶ በላይ ብቃት ያለውን ሴል ይፋ ሲያደርጉ አዲሱ ነገር ቀለም በከፊል አስተላላፊ ላይ መለጠፉ አልነበረም፤ ያ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ውጤቱን የለወጠው ስስ የሆነውን የቀለም ንብርብር በቀዳዳማው ሽፋን ውስጥ በመቶዎች ጊዜ አጣጥፎ ማስቀመጥ መቻሉ ነው።

የኤሌክትሮኑ መንገድ ቀጥ ማለቱም እርስዎ ያሰቡትን ያህል ጥቅም አይሰጥም። በአዮዳይድ ኤሌክትሮላይት ውስጥ ኤሌክትሮኑ ወደ ትራይአዮዳይዱ ተመልሶ እስኪጠፋ የሚፈጅበት ጊዜ መስታወቱ ዘንድ ለመድረስ ከሚያስፈልገው ጊዜ በብዙ እጥፍ ስለሚረዝም፣ በደንብ በተሠራ የቅንጣት ሽፋን ውስጥ ከመነጩት ኤሌክትሮኖች አብዛኞቹ ቀድሞውኑ ይሰበሰባሉ። እየደረሰ ያለን መንገደኛ ማፍጠን የሚደርሱትን ቁጥር አያበዛም።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ በቀረበው ስሌት እስማማለሁ፤ ሆኖም ስሌቱ ራሱ አንድ ያልተመለሰ ነገር ያሳያል። ዘንጎቹ በአንድ ንብርብር ቀለም ብቻ ተሸፍነው ቢሆን ኖሮ ፈዘዝ ያለ ሮዝ እንጂ ድምቅ ያለ ቀይ ሊሆኑ አይችሉም ነበር። እኔ ችግሩን የምጠረጥረው እዚህ ላይ ነው።

ኤን719 ከገጹ ጋር የሚያያዘው በካርቦክሲሊክ አሲድ ቡድኖቹ ነው፤ ዚንክ ኦክሳይድ ደግሞ በአሲድም በጠንካራ ቤዝም ይሟሟል። ዘንጎቹ በቀለሙ መፍትሔ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ሲቆዩ ከገጻቸው የዚንክ አዮኖች ይለቀቃሉ፤ እነዚህም ከቀለሙ ጋር ተጣምረው ክምችት ይፈጥሩና በዘንጎቹ መካከል ይጠራቀማሉ። ክምችቱ ብርሃን ይመጥማል፤ ነገር ግን አብዛኛው የኦክሳይዱን ገጽ ስለማይነካ ኤሌክትሮን አያቀብልም፤ ለእውነተኛው ንብርብር ሊደርስ የሚችለውንም ብርሃን ይሻማል። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ይህን አሲድ ስለሚቋቋም ሌሊቱን ሙሉ ቢነከር አይጎዳም፤ ለአንዱ የሚስማማውን አሠራር ለሌላው መድገም በዚህ ሥራ ውስጥ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። የሚቀጥለውን ናሙና ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይነክሩ ይሞክሩት።

ከጠያቂው

ሁለቱን መልሶች ካነበብሁ በኋላ ወደ ሥራው ተመለስሁ። ሌሊቱን ከተነከሩት ዘንጎች ላይ ቀለሙን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መፍትሔ አጥቤ በስፔክትሮፎቶሜትር ስለካው፣ መጠኑ በቅንጣቶቹ ሽፋን ላይ ካለው ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በስሌቱ መሠረት ግን ገጹ ሊይዝ የሚችለው አንድ አሥረኛውን ነው። ለአንድ ሰዓት ብቻ የነከርኩት ናሙና በእርግጥም ሮዝ ሆኖ ወጣ፤ ጅረቱ ግን ከመጀመሪያው ከፍ አለ። ለካስ በማጠብ የሚገኘው የቀለም መጠን ከገጹ ጋር የተያያዘውንና የተጠራቀመውን ለይቶ አያሳይም። ይሁንና ቅንጣቶቹ አሁንም በብዙ ይበልጣሉ። እንግዲያውስ ዘንጎቹን ልተዋቸው?

ሦስተኛ መልስ

ለመተው ከመወሰንዎ በፊት ዘንጎች በየትኛው ሴል ውስጥ እንደሚጠቅሙ ይለዩ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የታወቀ የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ሽቦ ሴል፣ እጅግ ጥቅጥቅ ብለው ከበቀሉ ሽቦዎች ተሠርቶም የገጹ ስፋት ከቅንጣት ሽፋን አንድ አምስተኛ ገደማ ስለነበር ብቃቱ ከ1.5 በመቶ አላለፈም። በተከታዩ ዓመት ሽቦዎቹ ከ10 እስከ 25 ናኖሜትር በሚሆን የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ቅርፊት ሲለበሱ ቮልቴጁ በግልጽ አድጎ ብቃቱ 2.25 በመቶ ደረሰ። በአሉሚና ሲለበሱ ግን ቮልቴጁ ቢጨምርም ጅረቱ ከዚያ በበለጠ ወደቀ፤ አሉሚና ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ የኤሌክትሮኑን መግቢያም ይዘጋልና። ለእርስዎ ዘንጎች የታይታኒየም ቅርፊቱን መሞከር ተገቢ ይመስለኛል፤ ከቀለሙ አሲድም ይጠብቃቸዋል።

የመጀመሪያው መልስ ሰጪ ያስቀመጡት ድምዳሜ ደግሞ የሚሠራው ለአዮዳይድ ነው። ኤሌክትሮላይቱ ኮባልት ሲሆን ኤሌክትሮኑ ተመልሶ የሚጠፋበት ፍጥነት ይጨምራል፤ የኮባልቱ ውህድ ግዙፍ ስለሆነም በጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ በቀላሉ አይንቀሳቀስም። በፈሳሹ ፈንታ ጠጣር አስተላላፊ በሚገባባቸው ሴሎች ውስጥ ቀዳዳውን እስከ ታች መሙላት ስለሚያስቸግርና ኤሌክትሮኑም ቶሎ ስለሚጠፋ የቅንጣት ሽፋን ውፍረት ብዙውን ጊዜ 2 ማይክሮሜትር አካባቢ ይወሰናል። የዘንጎች ቀጥ ያለ መንገድና በመካከላቸው ያለው ክፍት ቦታ ጥቅም ሊሰጥ የሚችለው እንዲህ ባለው ሴል ውስጥ ነው። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2011 በኮባልት ኤሌክትሮላይት 12.3 በመቶ የደረሰው ሴል የተሠራው በቅንጣት ሽፋን ላይ ነበር፤ ኤሌክትሮኑ እንዳይመለስ የከለከለውም የፖርፊሪን ቀለሙ የተሸከማቸው ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች ናቸው።

ስለዚህ ቀጣዩን ናሙና ከመሥራትዎ በፊት፣ በእጅዎ ባሉት በሁለቱም ሴሎች ላይ የኢምፒዳንስ ልኬት (ሴሉ በተለያየ ድግግሞሽ ለሚቀያየር ቮልቴጅ የሚሰጠውን ምላሽ መለካት) አድርገው ኤሌክትሮኑ ለመጓዝ የሚፈጅበትን ጊዜና በሽፋኑ ውስጥ የሚቆይበትን ዕድሜ ለየብቻ ያውጡ። በዘንጎቹ ውስጥ ጉዞው ፈጥኖ ዕድሜውም አብሮ ካጠረ፣ መድኃኒቱ ኤሌክትሮኑ ወደ ኤሌክትሮላይቱ እንዳይመለስ የሚከላከለው ቅርፊት ነው። ዕድሜው ረዥም ሆኖ ጅረቱ ብቻ ካነሰ፣ የጎደለው ገጽ ስለሆነ በዘንጎቹ መካከል ጥቃቅን ቅንጣቶችን ማሳደግ ይበጃል።