በሕንድ የምንማር ኢትዮጵያውያን ማኅበር፦ የኅዳር 5 የፊልም ምሽት ረቂቅ ዕቅድ፤ አስተያየት እስከ እሁድ ማታ

ጸሐፊዋ፦ ረቂቁ ይኸው። የሕንድ የልጆች ቀን ኖቬምበር 14 ነው፣ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትራቸው የኔህሩ ልደት። በእኛ ኅዳር 5። የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አዳራሹን በነጻ ይሰጠናል፣ የሚፈልገው አንድ ገጽ ዕቅድ ብቻ ነው። «ስታንሊ ካ ዳባ» የሚባለውን የሂንዲ ፊልም እናሳያለን፣ «የስታንሊ ምሳ ዕቃ» ማለት ነው፣ 96 ደቂቃ ነው። ቲኬት የለም፤ ሁሉም ምሳ ዕቃውን ሞልቶ ይምጣና አብረን እንብላ። ከአባል 300 ሩፒ ይዋጣና ሆስቴሉ በር ላይ ሻይ ለሚያመላልሰው ልጅ መማሪያ ይሁን። ልጁን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ያለፈውን መዋጮ ያልከፈላችሁ መጀመሪያ እሱን ክፈሉ። 300 በዛ ብሎ የሚመጣ ካለ የዓምናውን ደረሰኝ ይዞ ይምጣ።

ኬሚስትሪ 2ኛ ዓመት፦ ኅዳር 5 ዓርብ ነው። ጾም ነው። ምሳ ዕቃ ውስጥ ምን ልንይዝ ነው?

አንበሳው፦ ዶሮ የሌለበት የኢትዮጵያ ምሽት አላውቅም። ዓምና የሌሎቹ አገሮች ማኅበራት ድግስ ደግሰው እኛ ዳቦና ሻይ አቅርበን አፍረን ነው የተመለስነው። ቅዳሜ ይሁን።

ጸሐፊዋ፦ ቅዳሜ ከሆነ የልጆች ቀን አለፈ ማለት ነው። ቀኑን የመረጥነው ለዚያ ነው።

ኬሚስትሪ 2ኛ ዓመት፦ ፊልሙ ራሱ እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የተቀረጸው። ልጆቹ ከትምህርት እንዳይቀሩ ብሎ ነው ዳይሬክተሩ አሞል ጉፕቴ እንደዚያ ያደረገው። ቅዳሜ ምን ችግር አለው?

ዙልፊ፦ ዶሮውን ማን ነው የሚያርደው? የክርስቲያን ሥጋ እንደማልበላ ታውቃላችሁ፣ እናንተም የእኛን አትበሉም። የጾም ምግብ ይሁንና ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንብላ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን። የሕንድ እንግዶቻችንም ብዙዎቹ ሥጋ አይነኩም።

አንበሳው፦ ለእንግዳ ሽሮ? ሰው ምን ይለናል?

ዙልፊ፦ ፊልሙን አይተኸዋል? አስተማሪው ቬርማ የራሱን ሳያመጣ የልጆቹን ምሳ ሲያሳድድ ነው የሚውለው። ዓይኑ ያለው አራት ድርብ ምሳ ዕቃ የሚያመጣው ልጅ ላይ ነው። አሁን አንተ ስለ ዶሮ የምታወራው እንደዚያ ነው የሚመስለው።

አንበሳው፦ ሆዳም እያልከኝ ነው? ከማኅበሩ ወጣሁ።

ጋሼ ዶክትሬት፦ ተዉ እንጂ ልጆች። አንበሳው የትም አትሄድም፣ ፕሮጀክተሩ አንተ ጋ ነው። ዙልፊም ቃሉን ቀንስ። የጾም ይሁን የሚለውን እደግፋለሁ፣ ግን ከካንቲን ፓኒር የሚሉትን አይብ እንዳታመጡ፣ እሱም ጊ የሚሉት የነጠረ ቅቤም ፍስክ ናቸው።

ኬሚስትሪ 2ኛ ዓመት፦ ጋሼ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። ስለዚህ ዶሮ የሚቻለው ከዚያ በፊት ነው፣ ያቺ ቅዳሜ ትሁን። እኔ በርበሬ አለኝ፣ እናቴ ልካልኛለች።

የሕግ ተማሪዋ፦ አርባ መልእክት ስለ ዶሮ። ልጁስ? 300 ሩፒ ሰብስበን እጁ ላይ ብናስቀምጥ ገንዘቡን ማን እንደሚወስደው ጠይቃችኋል? ፊልሙ ላይ ስታንሊ ምሳ የማያመጣው ድሃ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ወላጆቹ የሉም፣ ከትምህርት በኋላ አጎቱ ምግብ ቤት ውስጥ ይሠራል። ጓደኞቹ በየቀኑ ከእሱ ጋር እየበሉ ይህን አያውቁም። ሕንድ በ2006 ከ14 ዓመት በታች ልጅን ምግብ ቤት መቅጠር ከልክላለች። ፊልሙ የወጣው በ2011 ነው። በ2016 ሕጉ ሲሻሻል ክልከላው ወደ ሁሉም ሥራ ሰፋ፣ ግን ለቤተሰብ ሥራ ቀዳዳ ተወ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ከሆነና አደገኛ ካልሆነ ይፈቀዳል። ቤተሰብ ሲል አጎትንም አክስትንም ይጨምራል። በር ላይ ያለው ልጅም ባለሻይ ቤቱን አጎቴ ነው ይላል። ሰው ሁሉ ቾቱ፣ ትንሹ፣ እያለ ነው የሚጠራው፣ ስሙን የሚያውቅ አለ?

ገንዘብ ያዥ፦ ትምህርት ቤት ምሳ በነጻ አይደለም እንዴ እዚህ አገር?

የሕግ ተማሪዋ፦ በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2001 የበሰለ ምሳ እንዲሰጥ አዟል። ግን እኩለ ቀን ላይ ሻይ የሚያመላልስ ልጅ ያንን ምሳ መቼ ይበላል? 1098 የሕፃናት የእርዳታ ስልክ ነው፣ በነጻ ይደወላል። ዕቅዱ ላይ እንጻፈው፣ ከፊልሙ በኋላ ግማሽ ሰዓት ስለዚህ እንወያይ።

አንበሳው፦ ፖሊስ መጥቶ ሻይ ቤቱን ከዘጋ የት ነው የምንጠጣው? ልጁስ የት ይሄዳል? የሰው አገር ነው ያለነው፣ ቪዛችንን አስቡ።

የሕግ ተማሪዋ፦ መጀመሪያ ልጁን እናናግር ነው ያልኩት፣ ዛሬ ደውሉ አላልኩም።

ጋሼ ዶክትሬት፦ አንበሳው ስለ ቪዛ ያለው ልክ ነው። ውይይቱ ይቅር፣ ፊልሙ ራሱ ይናገራል።

ጸሐፊዋ፦ የተስማማችሁበትን አስገብቼዋለሁ። ቅዳሜ ኅዳር 6። ርዕሱ «የኢትዮጵያ የባህል ምግብና የፊልም ምሽት»። በአንድ ትሪ የጾም፣ በሌላ ዶሮ፤ የዙልፊ ወገን የራሱን ያርዳል። መዋጮው ለምግብ ይውላል፣ የተረፈው ለልጁ። እኔ ይህን አልወደድኩትም፣ የተነሳነው ለልጁ ነበር። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበትን ቅጂ አመጣለሁ ያለው የአይቲ ልጅ የት ገባ? ስልኩ ዝግ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ዶሮ ከገባ 300 አይበቃም። 450።

ዙልፊ፦ በመዋጮው መጀመሪያ የልጁ ይቀመጥ፣ በተረፈው ዶሮ ይገዛ። ካልሆነ እኔ አልከፍልም።

ገንዘብ ያዥ፦ ድምፅ ይሰጥበት።

የሕግ ተማሪዋ፦ ነገ ከሰዓት ሻይ ቤቱ ጋ እሄዳለሁ። የእኔ ሂንዲ ደካማ ነው፣ ልጁ ደግሞ ማራቲ የሚባለውን ሌላ የሕንድ ቋንቋ ነው የሚናገረው። ማራቲ የሚሞክር አንድ ሰው ከእኔ ጋር ይምጣ።

ኬሚስትሪ 2ኛ ዓመት፦ ነገ ላብራቶሪ አለኝ። ሽንኩርት ስንት ኪሎ ልግዛ?