ባለ 46 ክፍል ሆቴል፦ ነባሩ የስልክ ሽቦ ይቆይ ወይስ ሁሉም ይቀየር?

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አራት ፎቅና 46 ክፍሎች ያሉትን የቤተሰባችንን ሆቴል አስተዳድራለሁ። ሕንፃው ሲሠራ የተዘረጋው የስልክ ሽቦ አሁንም አለ፤ ጥሪውን ወደየክፍሉ የሚያደርሰው ማዞሪያ ግን አርጅቷል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር አንዳንዱ መስመር ይንኮሻኮሻል፣ አንዳንዱም ጭራሽ ዝም ይላል። አንድ አቅራቢ የሁሉም ክፍል ስልክ በአይፒ ስልክ፣ ማለትም በኮምፒውተር ኔትወርክ በሚሠራ ስልክ እንዲቀየር ሐሳብ አቅርቦልኛል። ዋጋው ከባድ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ብጠይቀውም የሚያጠግብ መልስ አልሰጠኝም። ልጆቼ ደግሞ እንግዳው ሁሉ ሞባይል ይዞ ሳለ የክፍል ስልክ ለምን ያስፈልጋል ይሉኛል። ሥራውን የምታውቁ ምከሩኝ።

መልስ (ከደሴ፣ የስልክ ቴክኒሻን)

አብሽሩ ወንድሜ። ዝናብ ሲመጣ ብቻ የሚንኮሻኮሽ መስመር ችግሩ ከማዞሪያው ይልቅ እርጥበት የገባበት መጋጠሚያ ሳይሆን አይቀርምና፣ አንድ ብር ከማውጣትዎ በፊት ሽቦውን ክፍል በክፍል ያስለኩ።

አሁን በየክፍሉ ያለው ዓይነት የአናሎግ (የድሮው) ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከማዞሪያው፣ በዚያው በሁለት ቀጭን ሽቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ48 ቮልት ስለሆነ፣ ማዞሪያው ዘንድ ያለ አንድ ጥሩ ባትሪ መብራት ቢጠፋም ሁሉንም ክፍል ያናግራል። አይፒ ስልክ ግን የኔትወርክ ገመዶች ከሚሰበሰቡበት መሣሪያ፣ ከስዊች፣ ኃይል ስለሚጠብቅ በየፎቁ ያለው ስዊች ሁሉ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ያስፈልገዋል፤ ገመዱም ከ100 ሜትር መብለጥ ስለሌለበትና አዲስ ስለሚዘረጋ ግድግዳ መብሳት ይከተላል።

እኔ ብሆን ማዞሪያውን ወደ አይፒ ቀይሬ ክፍሎቹን በአናሎግ አቆያለሁ። የአናሎግ ስልኮቹን ከአይፒ ማዞሪያው ጋር የሚያገናኙ ሁለት ባለ 24 መስመር ጌትዌይ 48 መስመር ይሰጣሉ፤ ሁለቱ ለመጠባበቂያ ይተርፋሉ። አዲስ ገመድ ለእንግዳ መቀበያ፣ ለወጥ ቤትና ለጥበቃ ብቻ ይበቃል። ማዞሪያው የግድ ሆቴሉ ውስጥ ይቀመጥ፤ በኢንተርኔት ከሌላ ቦታ የሚሠራውን ከመረጡ ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር እንግዳው ወደ መቀበያ እንኳ መደወል ያቅተዋል።

መልስ (ከላሊበላ)

የልጆችዎን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ በእንግዳ መቀበያ ሠርቻለሁ። ለገና የሚመጣ የውጭ እንግዳ የአገር ውስጥ ሲም ላይኖረው ይችላል። ሌሊት ለቅዳሴ መቀስቀስ የሚፈልገውም፣ በድንገት የታመመውም እጁን የሚዘረጋው አልጋው አጠገብ ወዳለው ስልክ ነው።

የቁጥር አሰጣጡን አደራ። በአሜሪካ አንዲት እናት ሆቴል ክፍል ውስጥ ስትገደል ልጇ ደጋግማ ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ 911 ብትደውልም፣ ለውጭ መስመር አስቀድሞ 9 መጫን ያስፈልግ ስለነበር ጥሪው አልወጣም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሕግ ይህን አስቀረ። በእኛም አገር የፖሊሱ 991 እና የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 በ9 ስለሚጀምሩ የውጭ መስመር መጥሪያውን 9 አያድርጉት፤ ሁለቱም በቀጥታ እንዲወጡ ያስደርጉ።

መልስ (ከወልድያ)

መሣሪያውን ከመግዛትዎ በፊት አምራቹ በዚህ ሥራ መቀጠል አለመቀጠሉን ያጣሩ፤ በየሆቴሉ የምናውቀው ፓናሶኒክ እንኳ ከስልክ ማዞሪያ ሥራ እንደሚወጣ እ.ኤ.አ. በ2022 አስታውቋል። የማዞሪያው የይለፍ ቃል በእጅዎ ይሁን፤ ከክፍል ወደ ውጭ አገር መደወልም በጥያቄ ብቻ ይከፈት።

ጠያቂው

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት የምድር ቤቱን መጋጠሚያ ሳጥን አስከፍቼ ነበር፤ ውስጡ ውኃ አቁሮ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። የማዞሪያውን ግዢ አቆይቼ መጀመሪያ እሱን አስጠግናለሁ።