ልጄ ያለ ሜላቶኒን አይተኛም፤ ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው

ጠያቂ፦ የቨርጂኒያዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 7 ዓመቱ ነው። በ4 ዓመቱ ኦቲዝም እንዳለበት ተነግሮናል። እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። በሐበሻ ሰዓት ማታ 2 ላይ አልጋው ውስጥ ይገባል፤ እስከ 5፣ አንዳንዴም እስከ 6 ሰዓት ድረስ ግድግዳውን በእግሩ ሲመታ እሰማዋለሁ። እኔ ደግሞ ሌሊት 11 ሰዓት ለሥራ እወጣለሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከረሜላ የሚመስለውን የሜላቶኒን ገሚ ጠቆመችኝ። ገዝቼ ሰጠሁት፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተኛ። አልዋሽም፣ የዚያን ቀን አለቀስኩ።

ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በአንድ ፍሬ ጀምረን አሁን ሁለት ላይ ደርሰናል። እናቴ ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ መጥታ ጠርሙሱን አየችና «ልጁን በየቀኑ በመድኃኒት ነው እንዴ የምታስተኚው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም እንቅልፍ የለኝም። ሱስ ይሆንበታል? እድገቱን ወይም ጉርምስናውን ያዛባል? ላቁም ብልስ እንዴት ነው የሚቆመው? የሐኪም ቀጠሮው ገና በሚቀጥለው ወር ነው።

የመንትዮቹ አባት

እህቴ ምን ያስጨንቅሻል፣ ቪታሚን እኮ ነው። የኔዎቹ 10 ሚሊግራም ወስደው ለጥ ይላሉ።

ፋርማሲስቷ (ሜሪላንድ)

ወንድሜ፣ አትቀየመኝና ቪታሚን አይደለም። ሆርሞን ነው። አንጎላችን ውስጥ ያለች፣ ከአተር የማትበልጥ ዕጢ ሲጨልም ታመነጨዋለች። ሥራው ለሰውነት «መሽቷል» ብሎ መንገር ነው። እንደ ማደንዘዣ ሰውን የሚጥል ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከቪታሚን ጎን የተደረደረው እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ሕግ እንደ ምግብ ማሟያ ስለሚቆጠር ነው። ገበያ ከመውጣቱ በፊት እንደ መድኃኒት አይፈተሽም ማለት ነው። እንግሊዝ አገር ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታገኘውም።

የዚህ ጣጣው ምን መሰላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት 25 ዓይነት የሜላቶኒን ገሚዎችን መርምሮ ነበር። በ22ቱ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው መጠን አልገጠመም። ከተጻፈው ሦስት እጥፍ ተኩል ገደማ የተገኘበት አለ። አንዱ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ሜላቶኒን የሚባል አልተገኘም።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልዘዝሽ። ጠርሙሱን አዙሪውና ከጀርባው ያለውን ሰንጠረዥ አንብቢልኝ። ከፊት በትልቁ የተጻፈውን ተዪው። «ሰርቪንግ ሳይዝ» (የአንድ ጊዜ መጠን) የሚለው ስንት ፍሬ ነው? ከሥሩስ ስንት ሚሊግራም ይላል?

ጠያቂ

አሁን አነበብኩት። «1 ገሚ» ይላል፤ ከሥሩ 5 ሚሊግራም። እኔ እኮ 5ቱ የሁለቱ ፍሬ ድምር መስሎኝ ነበር። ታዲያ በየማታው 10 እየሰጠሁት ነው? እግዚኦ!

ፋርማሲስቷ (ሜሪላንድ)

አይዞሽ፣ ይሄ ስህተት በየቀኑ ያጋጥመኛል። ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች በሐኪም ክትትል እስከ 10 የሚደረስበት ጊዜ አለ። ግን እዚያ የሚደረሰው ቀስ በቀስ፣ አስፈላጊነቱ እየታየ ነው። ለብዙ ልጆች ግማሽ ወይም 1 ሚሊግራም ይበቃል። መጠኑን ስለጨመርሽ እንቅልፉ በዚያው ልክ አይጨምርም። የሚጨምረው የጠዋት ድብታ፣ ራስ ምታትና አልጋ ላይ መሽናት ሊሆን ይችላል።

ሱስን በተመለከተ፣ እንደ አንዳንድ የእንቅልፍ ክኒኖች ሰውነት የሚለምደውና ሲቀር የሚያንቀጠቅጥ ዓይነት አይደለም። ሲቆም ግን የድሮው ችግር ሊመለስ ይችላል፤ ሰው ሱስ የሚለው ብዙ ጊዜ ይሄንን ነው። ቀጠሮውን አትጠብቂ። ነገ ክሊኒኩ ደውለሽ ለነርሷ «በስህተት 10 ስሰጠው ነበር፣ እንዴት ልቀንስ?» በያት። ስትገዢ ደግሞ የዩ.ኤስ.ፒ ማኅተም ያለበትን ፈልጊ። መጠኑ ተፈትሿል ማለት ነው።

የለንደኗ

የኔዋ 11 ዓመቷ ነው፤ እሷም ኦቲዝም አለባት። ሜላቶኒን ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት። እኛ ጋ ለእንደዚህ ዓይነት ልጆች ተብሎ የተሠራ ስሌኒቶ የሚባል የሜላቶኒን ክኒን አለ። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው የተፈቀደው፣ ከ2 እስከ 18 ዓመት ላሉ። ክኒኗ ሚጢጢ ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለች ትለቃለች። ስለዚህ አትፈጭም፣ አትታኘክም። የሱቁ ገሚ ባብዛኛው ቶሎ ይለቅና ያልቃል። ልጅሽ ቶሎ ተኝቶ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚነቃብሽ ከሆነ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል።

ስለ እድገትና ጉርምስና እኔም እንዳንቺ ተጨንቄ ጠይቄ ነበር። ይህን መድኃኒት የሚወስዱ ልጆችን ሁለት ዓመት ተከታትለው በቁመት፣ በክብደትና በጉርምስና ላይ ያሳደረው ችግር አላዩም። ሐኪሟ ይህንን ነገረችኝና ቀጥላ «ግን ሁለት ዓመት እንጂ አሥር ዓመት አይደለም፤ የተጠኑትም ልጆች ብዙ አይደሉም» አለችኝ። ስለዚህ በየ6 ወሩ ትለካታለች፣ ትመዝናታለች፣ «አሁንም ያስፈልጋታል ወይ?» ብላ ትጠይቀኛለች። አምና በትምህርት ቤት ዕረፍት ለሁለት ሳምንት አቁመን ሞከርነው። አልሆነም፣ ተመለስን። እናትሽን «ሐኪም እያየው ነው» የሚል መልስ እንጂ ሌላ ነገር አያረጋጋትም፤ የራሴን እናት አውቃታለሁና።

ነርስ ነኝ (ደንቨር)

ማንም ያላነሳው ነገር አለ። «ግድግዳውን በእግሩ ሲመታ እሰማዋለሁ» ብለሻል። እህቴ፣ እሱን ለሐኪሙ ሳትነግሪ እንዳትወጪ። የብረት ክምችታቸው ያነሰ ልጆች ማታ ማታ እግራቸው አያርፍም። ፌሪቲን የሚባል የደም ምርመራ አለ፤ እሱን ጠይቂ። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ደግሞ ምግብ ስለሚመርጡ ብረት ሊያንሳቸው ይችላል። ያንኮራፋል? ትንፋሹ ቆም ይላል? ቶንሲሉ አብጦ ትንፋሹን እየዘጋው ከሆነ ሜላቶኒን ያንን አይፈታለትም።

ሌላው፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትሰጪው? ማታስ ምን ይጠጣል?

ጠያቂ

አያንኮራፋም። የምሰጠው አልጋ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። የሚጠጣው… ሻይ። እናቴ ከመጣች ወዲህ ማታ ማታ ከእሷ ጋር ሻይ በዳቦ ይበላል። ከዚያ በፊትም ትንሽ ትንሽ ይጠጣ ነበር። አሁን ስጽፈው ራሴ አፈርኩ።

ነርስ ነኝ (ደንቨር)

ሃሃ፣ የሁላችንም ቤት እንደዚያው ነው። ሻይ ካፌይን አለው፤ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ደግሞ ብረቱ ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ጥፋት። ለአያትየው የአጃ አጥሚት ሐሳብ አቅርቢላት። ሜላቶኒኑን ከመኝታው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም አድርጊው፤ ከዚያ በኋላ ቲቪም ታብሌትም ይጥፋ፣ የሳሎኑም መብራት ይደብዝዝ። ደማቅ ብርሃን ያቺን ዕጢ ሥራ ያስፈታታል። ክኒን እየሰጡ ታብሌት መስጠት ፍሬንና ነዳጅ አንድ ላይ መርገጥ ነው።

የሸገር ልጅ

ከአዲስ አበባ ነኝ። እዚህ እኛ ጋ አክስት በሻንጣ ትልከዋለች፣ መመሪያውን ግን አትልክም። የኔ ልጅ በ3 ዓመቷ ወንበር ላይ ወጥታ አንድ እፍኝ በልታለች። «ከረሜላሽ ነው» እያልን ስለምንሰጣት ነው፣ በማን ልፍረድ? ደግነቱ ብዙ ከመተኛት ሌላ ምንም አልሆነችም፤ እኛ ግን ሆስፒታል አደርን። እባካችሁ ከረሜላ አትበሉት፣ ቆልፉበት።

ፋርማሲስቷ (ሜሪላንድ)

ይሄ ሰውዬ ልክ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለመርዝ መረጃ ማዕከላት ሪፖርት የተደረገው ልጆች ሜላቶኒን የወሰዱበት አጋጣሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 8,300 ነበር፤ በ2021 ከ52,000 በላይ ሆነ። አብዛኞቹ ምንም አልሆኑም፤ ሆስፒታል የገቡ ግን አሉ። አሜሪካ ያላችሁ የማዕከላቱን ስልክ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት፦ 1-800-222-1222። ልጁ አልነቃ ካለ ወይም ትንፋሹ ካስቸገረው ግን በቀጥታ 911።

የመንትዮቹ አባት

የኔን ጠርሙስ አዙሬ አየሁት። ዝም ብያለሁ።

ጠያቂ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ላሳውቃችሁ ብዬ ነው። ነርሷ በስልክ ወደ 5 እንድወርድ ነገረችኝ፤ ሐኪሙ ደግሞ ወደ 3 አወረደው። ፌሪቲኑ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ የብረት ሽሮፕ ጀምረናል። ለውጡን ለማየት ወራት ይፈልጋል ተብያለሁ። በክረምቱ ዕረፍት እንደገና እንቀንሳለን፤ ላይቆምም ይችላል፣ ያንን ሐኪሙም አልደበቀኝም።

ሻዩ ቀርቷል። እናቴ አጥሚቱን ይዛ 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን መብራቱን እሷው ታጠፋለች፤ እኔ በጨለማ ነው ሰሃን የማጥበው። ትናንት 3 ሰዓት ሳይሞላ ተኛ። እግሩ አሁንም ግድግዳውን ይመታል፣ ግን ሦስት አራቴ መትቶ ይተወዋል።