ተማሪዎቼ ያመጡት ቆርኪ ክፍሉን ሞላው፤ ከዚህ ወዲያ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ደረጃ የስዕል መምህር ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል፣ 62 ተማሪ። ቀለም የለም፣ ወረቀትም በመከራ ነው። ስለዚህ «ደስ ያላችሁን ነገር ሰብስባችሁ አምጡ» አልኳቸው። በሳምንቱ ግማሹ ክፍል ቆርኪ በፌስታል ይዞ መጣ። ካርቶን ላይ በኮላ ለጥፈን አበባ ሠራን። የሁሉም አበባ አንድ ዓይነት ሆነ። ልጆቹ ለፍተዋል፤ እኔ ግን አልረካሁም። መሰብሰቡ ራሱ ፈጠራ እንዲሆን ምን ልለውጥ? ማርክስ እንዴት ይሰጥበታል?

መልስ (ከቡሬ)፦
መምህር፣ ጥፋቱ የቆርኪው አይደለም። «ደስ ያላችሁን» ሲሏቸው ቀላሉን አመጡ። ሕግ ይስጧቸው። የእኔ ሕግ ይኸው፦ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ካለው መንገድ ብቻ፣ በቀን አንድ ነገር፣ ለ14 ቀን። መግዛት ክልክል ነው። የት፣ መቼና ለምን እንዳነሡት በትንሽ ወረቀት ይጽፋሉ። አንዲት ተማሪዬ የወደቀ ክር ብቻ ሰበሰበች። በሦስተኛው ቀን ሰልችቷት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የጥለት ክርን ከጆንያ ክር ከሩቅ ትለይ ጀመር።
ማርኩን ከ20 ነው የምይዘው፦ 8 ለማስታወሻው፣ 8 ለአደራደሩ፣ 4 ለመጨረሻው ሥራ።

መልስ (ከእንጅባራ)፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ለመለጠፍ አይቸኩሉ። ኮላውን ቆልፈው ያስቀምጡት። መጀመሪያ ጆንያ አንጥፈው ይደርድሩ። አንዴ በቀለም፣ አንዴ በመጠን፣ አንዴ ከዛገው ወደ ደህናው። እያንዳንዱን ድርድር በእርሳስ ይንደፉት። የዝገት ቡኒ ብቻ ስንት ዓይነት እንደሆነ ያኔ ያዩታል።
አርአያ ከፈለጉ የራሳችን ኤልያስ ስሜ አለ። ከመርካቶ አሮጌ የኮምፒውተር ሰሌዳና ሽቦ እየሰበሰበ ግድግዳ የሚሞላ ሥራ ይሠራል። የጋናው ኤል አናትሱይም የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን በመዳብ ሽቦ እያያያዘ እንደ ጋቢ የሚዘረጋ ነገር ይሠራል። ፎቶውን በስልክ ያሳዩዋቸው።

መልስ (ከደጀን)፦
እኛ አፈር ነው የምንሰበስበው። ልጆቹ ከየቀበሌያቸው አንድ አንድ እፍኝ ያመጣሉ። ቀዩ አለ፣ ጥቁሩ መረሬ አለ፣ ከዓባይ በረሃ ከኖራ ድንጋዩ አጠገብ ደግሞ ነጣ ያለው። አድርቀን፣ ወቅጠን፣ በስስ ጨርቅ እንነፋዋለን። ከዚያ በእንቁላል አስኳል ወይም በነጭ ኮላ ማሸት ነው። ቀለም አገኙ ማለት ነው። ኮላው ካነሰ ሲደርቅ ይረግፋል፤ ቁራጭ ካርቶን ላይ ይሞክሩት።

መልስ (ከሞጣ)፦
እባክዎ አንድ ነገር ይጨምሩበት። መርፌ፣ የባትሪ ድንጋይና ስባሪ ጠርሙስ አይነካም። ከቤት የሚመጣ ዕቃ በፈቃድ ይሁን፤ የአያቱን አገልግል ሳይጠይቅ ያመጣ ልጅ ገጥሞኛል። የብራና ቁራጭ፣ የድሮ መስቀል ወይም ከመሬት የወጣ ጥንታዊ ዕቃ ግን ፈጽሞ አይሰብሰብ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል ይነገራል። እንዲህ ያለውን ባለበት ቁጭ ብለው ይሳሉት።

ጠያቂው (ከደብረ ማርቆስ)፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ አበባዎቹን ነቅለን ቆርኪውን መሬት ላይ ዘረጋን። አንድ ልጅ መኪና የረገጠውን ለብቻው ደረደረ። ከአስፋልቱ ዳር ያነሣው ክብ እንደሆነ ነው፤ ከመሃል ያነሣው እንደ ሳንቲም ጠፍጥፏል። ሳያስበው መንገዱን ሳለው። የ14 ቀኑን ሰኞ እንጀምራለን። አፈሩን ግን በምን እናስቀምጥ? ጠርሙስ የለንም።

መልስ (ከደጀን)፦
በክብሪት ቀፎ። ላዩ ላይ የቀበሌውን ስም ይጻፉበት።