ጥያቄ፦ በ1928ቱ ዘመቻ ደጀን ሆና የቀረች ሴት፤ ስንቁና ፋሻው በልብ ወለድ እንዴት በትክክል ይጻፍ?

ባለብዕር (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ልብ ወለድ ጥቅምት 1928 ደብረ ብርሃን አካባቢ ይጀምራል። ክተት ታውጆ ባል ወደ ሰሜን ይዘምታል፣ ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር ትቀራለች። በአንደኛው ምዕራፍ በአንድ ሌሊት በሶ ፈጭታ አህያ ላይ ጭና ትሸኘዋለች። በሁለተኛው አዲስ አበባ ዘመዶቿ ዘንድ ሄዳ ከሴቶች ማኅበር ጋር ፋሻና የጋዝ ጭምብል ትሠራለች። ከዚያ እስከ ማይጨው ድረስ ያለው አምስት ወር ባዶ ሆኖብኛል። ስንቁ ምን ያህል ይሁን? በአንድ ሌሊት ይደርሳል? ፋሻውስ እንዴት ነው የሚሠራው?

ዘነዘና
በአንድ ሌሊት አይደርስም፤ ስሌቱ ይኸውልሽ።

አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ በሶ ይብላ እንበል፤ ይኼ ለሚራመድ ሰው የጠበበ ነው። ለ60 ቀን 30 ኪሎ ይሆናል። በእጅ ወፍጮ ደህና ፈጪ በሰዓት አንድ ኪሎ ገደማ ታወጣለች። ወፍጮው ብቻውን 30 ሰዓት በላ ማለት ነው። ከእሱ በፊት ደግሞ ሌላ ሥራ አለ፦ ገብሱ ይታመሳል፣ ውሃ እየተረጨበት ሙቀጫ ውስጥ ይሸከሸካል፣ በሰፌድ ይበጠራል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከደረቀ በኋላ ይቆላል፣ ያኔ ነው የሚፈጨው። ገለባው ሲወጣ ከእህሉ ሩብ ያህሉ ስለሚቀንስ ለ30 ኪሎ በሶ 40 ኪሎ ገደማ ገብስ ያስፈልጋታል። ብቻዋን ከሆነች አንድ ሳምንት ስጪያት፤ ጎረቤት ከተሰበሰበ ሦስት ቀን ይበቃል። ለድርሰትሽም ሦስት ሴቶች በፈረቃ የሚፈጩበት ቤት ይሻላል፤ ወሬው፣ እንጉርጉሮው፣ ፍርሃቱ ሁሉ የሚወጣው እዚያ ነው።

ሥራው የሚበላሽባቸውን ቦታዎችም ተጠቀሚባቸው። ቆሎው ካልበሰለ በሶው ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ሆድ ይነፋል። ካረረ ይመራል፣ የመረረ በሶ ደግሞ በምንም አይስተካከልም። ትልቁ ጥፋት ግን ትኩስ ዱቄት ስልቻ ውስጥ መጨመር ነው፤ ያልብና ይሻግታል። ቸኩላ ሳይቀዘቅዝ ብትቋጥረው ባልየው ከሳምንት በኋላ መንገድ ላይ ሲፈታው የሚያገኘው የሻገተ እብጥ ነው።

ለዕቃውም ተጠንቀቂ፦ ስልቻ፣ አቁማዳ፣ አገልግል፣ ቅል። የማዳበሪያ ከረጢትና ጀሪካን በዚያ ዘመን የሉም። ገጸ ባሕርያቱም በኪሎ አይነጋገሩ። እህል የሚሰፈረው በቁና ነው፤ በሚዛን ከሆነ ፈረሱላ በይ፣ ወደ 17 ኪሎ ግድም ነው። የባልየው በሶ ከሁለት ፈረሱላ ትንሽ ያነሰ ይሆናል።

ባለብዕር
ዘነዘና፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሶ ብቻ ከሚሆን ጭኮና ቋንጣስ ልጨምርለት?

ዘነዘና
ጭኮ በደንብ ይሄዳል። ለሁለት እጅ በሶ አንድ እጅ ንጥር ቅቤ ይታሻል። ቅቤው ሲነጠር አሬራው ተጣርቶ ካልወጣ ግን ይቆመጥጣል። ቋንጣው በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ተነክቶ፣ በጥላ ንፋስ ላይ ይሰቀላል። ወፍራም ዘለላ ውስጡ ሳይደርቅ ትል ያፈራል፤ ስቡም ቀድሞ ተለይቶ መውጣት አለበት። ድርቆሽ ቀላል ነው፣ ግን ቦታ ይፈጃል፣ አህያ ላይ ሲንገጫገጭም ዱቄት ይሆናል፤ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ብቻ አድርጊው።

ባሕረ ሐሳብ
ዘነዘና ያላነሳው ትልቅ ነገር ጾሙ ነው። በጥቅምት ጭኮና ቋንጣ መሥራቷ ልክ ነው። ነገር ግን ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፣ እስከ ገና ይቆያል። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 9 ሲሆን ፋሲካ ሚያዝያ 4 ዋለ። ማይጨው መጋቢት 22 የተደረገው በሁዳዴ መካከል ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሴትየዋ ስንቁን ስታዘጋጅ ሁለት ቋጠሮ ብታደርገው እውነትነት ይኖረዋል፦ አንዱ የፍስክ፣ ሌላው በውሃና በጨው የሚበጠበጥ ደረቅ በሶ፣ ሽሮና ቆሎ። የቱ በየትኛው ስልቻ እንዳለ ስትነግረው የሚሰማው ንግግር፣ የመሸኛ ቃል ሁሉ ሊሆን ይችላል።

ቀኖቹን ደግሞ አንድ ላይ ላስቀምጥልሽ። ወረራው የጀመረው መስከረም 22፣ 1928 ነው። ደሴ በአውሮፕላን የተደበደበችው ኅዳር 26፣ ሆስፒታሉም አልተረፈም። ንጉሡ ከአዲስ አበባ የወጡት ሚያዝያ 24፣ ጣሊያን የገባው ሚያዝያ 27። ከደብረ ብርሃን ደሴን አልፎ እስከ ማይጨው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ስለሆነ፣ በቀን 20 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ፣ ዕረፍቱ ሳይቆጠር እንኳ አንድ ወር ሊጠጋ ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ በሳምንት እንዲደርስ እንዳታደርጊ።

አስታማሚ
ስለ ፋሻው ልመልስ።

ጨርቁ አቡጀዲ ይሁን። አዲስ አቡጀዲ ማጠንከሪያ ስላለበት ደም አይመጥም፤ ቀድሞ በሳሙና ወይም በአመድ ውሃ መቀቀል አለበት። ጥሬ ጥጥም እንደዚያው ነው፤ የተፈጥሮ ቅባቱ ሳይወጣ ቁስል ላይ ቢደረግ ደሙን ይገፋል እንጂ አይጠጣም። ታጥቦ ከተኮማተረ በኋላ ነው የሚቀደደው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ፋሻው በኋላ ይጠባል። በመቀስ አይቆረጥም፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ተቀዶ በክሩ መስመር ይተረተራል፣ ያኔ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ 5 ሜትር ጨርቅ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 9 ፋሻዎች ይወጣዋል። የተንጠለጠለ ክር ሁሉ ይለቀም፤ ቁስል ውስጥ የቀረ ክር መግል ያመጣል። ከዚያ ተቀቅሎ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ በከሰል ካውያ ተተኩሶ በጥብቁ ይጠቀለላል። የላላ ጥቅል ቁስለኛው ላይ ሲታሰር ከእጅ ያመልጣል። አዲስ አበባ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃው በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ ረዘም ላለ ጊዜ ይቀቀል።

ጭምብሉን በተመለከተ፣ ሴቶቹ ከጨርቅ የሰፉት ጭምብል በታሪክ ያለ ነገር ነው፣ ግን ወቅቱን አስተካክዪ። ጋዙ በተከዜ በኩል የተጀመረው ታኅሣሥ 1928 ላይ ነው። ጥቅምት ላይ ሴቶቹ ስለ ቃጠሎው ዓይነት በዝርዝር የሚያውቁ መሆን የለባቸውም። የሰናፍጭ ጋዝ ደግሞ ቆዳንም የሚያቃጥል ነው፤ ባዶ እግሩን ለሚሄድ፣ ነጠላና እጀ ጠባብ ለለበሰ ወታደር የፊት ጨርቅ ብዙም አያድነውም። ሕመሙ ወዲያው አይሰማም፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው ቆዳው የሚቋጥረው፣ ዓይኑም የሚያብጠው። ልብስ ላይ ይቀራል፤ የቁስለኛን ልብስ በባዶ እጇ የምታጥብ ሴት እጇ ይቃጠላል። ይህን ክፍል እባክሽ አትዝለዪው፤ ደጀን ያለችው ሴት ጦርነቱን በገዛ ቆዳዋ የምታገኘው እዚህ ላይ ነው።

ባሕረ ሐሳብ
ለማኅበሩ ትዕይንት፦ እቴጌ መነንና ልዕልት ፀሐይ ግንባር ቀደም ነበሩ። ልዕልቲቱ ገና ወጣት ነበሩ፤ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ በነርስነት ሠልጥነዋል። ቀይ መስቀል በአገራችን የተቋቋመው ሐምሌ 1፣ 1927 ስለሆነ ምልክቱ ለገጠር ሴት አዲስ ነገር ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ የማኅበሩ ሴቶች አብዛኞቹ የመኳንንትና የከተማ ሰዎች ናቸው። የደብረ ብርሃኗ ገበሬ ገብታ ወዲያው እኩል ከምትቀመጥ፣ ጨርቅ ቀቃይና ፈታይ ሆና ትጀምር።

እርሻ
ባዶ ሆነብኝ ያልሽው አምስት ወር ከሁሉም የበለጠ ሥራ ያለበት ነው። የዘነዘናን ስሌት ቀጥዪው፦ 30 ኪሎ ለአንድ ሰው 60 ቀን ነው፣ አህያ የሚነዳ ልጅ ከተጨመረ 30 ቀን። ጥቅምት የወጣ ሰው ኅዳር መጨረሻ ላይ ስንቁ አልቋል። ሁለተኛ ስንቅ መላክ አለባት፣ የልብ ወለድሽ ወገብም እሱ ነው።

ገብሱ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ ወንዱ የለም። ማጨዱን ሴቶችና ልጆች በደቦ ይወጡታል። አውድማ ላይ በሬ ማበራየቱ የወንድ ሥራ ነው፣ በብዙ ቦታም ሴት አውድማ አትገባም። ስለዚህ ሽማግሌ ትለምናለች፣ በምላሹ ጠላ ትጠምቃለች፤ ለጠላው ደግሞ ለስንቅ የሚሆነው ገብስ ይቀነሳል። ቀጥሎ የበልግ እርሻ ይመጣል። የካቲት ላይ ካልተዘራ ሰኔ ላይ የሚበላ የለም። ማረሻ የሚጨብጥ ወንድ ሲጠፋ ወይ በሬዋን ለእኩል ታውላለች፣ ወይ 12 ዓመት ልጇ ሞፈር ይይዛል፣ ወይ ራሷ ትይዝና አገር ያወራባታል። ሦስቱም ዋጋ አላቸው፤ አንዱን መርጠሽ ዋጋውን እስከ መጨረሻው አስከፍያት።

ሁለተኛውን ስንቅ ማን ያደርሰዋል? ነጋዴ፣ ዘግይቶ የሚዘምት ዘመድ፣ ወይ እሷ ራሷ። አብዛኛዋ ሴት ማንበብ ስለማትችል ደብዳቤ ከመጣ ደብተራ ነው የሚያነብላት፤ ምስጢር የሚባል ነገር አይኖርም። ወሬ የሚደርሳት በሰንበቴ፣ በገበያ ቀንና ከቁስለኛ አፍ ነው፣ ሳምንታት ዘግይቶ። ማይጨው በተሸነፍን ማግስት ብታውቅ አንባቢ አያምንሽም።

ባለብዕር
ከሚያዝያ 27 በኋላም ልቀጥል አስቤያለሁ። እሷን ጫካ ላስገባት ወይስ ቤቷ ትቆይ?

ባሕረ ሐሳብ
ቤቷ ትቆይ። የውስጥ አርበኛ የሚባሉት ጣሊያን በያዘው ከተማ ተቀምጠው መረጃ፣ ጥይትና መድኃኒት ለጫካው የሚያቀብሉ ነበሩ። ሸዋረገድ ገድሌን አጥኚ፤ ይህን ሥራ ሠርተው ተይዘው ጣሊያን አገር አሲናራ ደሴት ታስረዋል። ያንቺ ሴት ከ1928 የተማረችው ሁሉ እዚህ ይጠቅማታል፦ ስንቅ መጠን፣ ፋሻ መሥራት፣ የታመነ ነጋዴ መለየት። ገንዘቡን ግን አስተውዪ፤ ጣሊያን ሊሬ ቢያስገባም ገበሬው የሚያምነው ማርያ ቴሬዛ ብርን ነው። ጥይት በሊሬ እንዳታስገዣት።