እኩል ነጥብ አምጥቼ ሹመቱ ለእሱ ተሰጠ፤ ምን ላድርግ?
እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ኬሚካል ኢንጂነር ነኝ፤ ሰባት ዓመቴ። ከመቆጣጠሪያ ክፍል ሆኜ ኪልኑን፣ ማለትም ጥሬ ዕቃው የሚቃጠልበትን ትልቅ ምድጃ፣ እከታተላለሁ። ክሊንከር (ኋላ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ጠጠር መሰል ነገር) እንዲወጣ ቁሱ እስከ 1450 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ቀልድ አይደለም። ሌሊትም እገባለሁ።

በቅርቡ ለፈረቃ ኃላፊነት ተወዳደርኩ። ከአንድ ወንድ ባልደረባዬ ጋር እኩል ነጥብ አመጣን። ቦታው ለእሱ ተሰጠ። ስጠይቅ «ልጅሽ ገና ትንሽ ነው፣ ይከብድሻል» ተባልኩ። እኔን ግን ማን ጠየቀኝ? በጣም ነው ያመመኝ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በእድገት ውድድር ውጤት እኩል ሲሆን ለሴት ቅድሚያ ይሰጣል። ቅሬታዬን መጀመሪያ ለማን ላቅርብ? ለሠራተኛ ማኅበሩ ወይስ በቀጥታ ለሰው ኃይል ክፍሉ? ከአለቃዬ ጋር ሳልቀያየም እንዴት ልጻፈው? በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።